የሥራ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ



በእጃጂ በኦሮምኛ ትምህርት የጀመረ ልጅ አማርኛን ጨምሮ ከሁለተኛ ደረጃ አንሥቶ በእንግሊዝኛ ይማራል። መሐንዲስ ሲሆን ቀመሩን በእንግሊዝኛ ያውቀዋል፤ ደብዳቤ መጻፍን ግን የሚለምደው በሥራ ላይ ነው። ስሕተት የሚያስከፍለውም እዚያው ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ የሥራ ውል መሠረት፣ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚያስጠይቀውን ሁኔታ ካወቀ ወይም ማወቅ ከሚገባው ዕለት ጀምሮ በ28 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። «ዝናቡ አስቸግሮናልና ቢታሰብልን» የሚል ትሕትና ለክርክር በር ይከፍታል። የአማርኛው ደብዳቤ «ጉዳዩ» ብሎ እንደሚጀምር ሁሉ፣ የእንግሊዝኛውም ምን እንደ ደረሰ፣ መቼ እንደ ደረሰና ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይናገር። ትሕትናው በመዝጊያው ይበቃዋል። ይህንን ለጀማሪው ማስተማር የነባሩ ባለሙያ ግዴታ ነው።