በሽታ የሚሻገረው ድንበርና የዕውቀት አጥር



ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለው ደጋ የሚነሣው የጓንግ ወንዝ ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ ይጠራል። ስሙ ይለወጣል እንጂ ውሃው ያው ነው። በዚያ ቆላ ከድንበሩ ወዲህ መተማና ሑመራ፤ ከድንበሩ ወዲያ የገዳሪፍ አገር ይገኛሉ። በሁለቱም ወገን መሬቱ ዋልካ፤ ሰብሉ ሰሊጥና ማሽላ ነው። በሽታውም አንድ ነው፤ ይኸውም ካላ አዛር የሚባለው ነው።

ይህን በሽታ የምታስተላልፈው በዋልካው ስንጥቅና በግራር ጥላ የምትኖር ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ናት። በሽተኛው ለብዙ ሳምንት ያተኩሰዋል፤ ይከሳል፤ ጣፊያው ያብጣል። ካልታከመ ከመቶ ሰው ከ95 በላይ የሚሞትበት መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት ያስረዳል። በሱዳን የመጀመሪያው በሽተኛ የተመዘገበው በ1904 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው በቆላው ይህን ያህል ዘመን የታወቀ ሲሆን፤ በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ በተነሣ ጊዜ ግን ሕዝቡ ምንነቱን አላወቀውም። አስቀድሞ ወባ መሰለ፤ ብዙ ሰውም ሞተ፤ ካላ አዛር መሆኑ የተረጋገጠው በ2005 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ወርደው የተመለሱ ሠራተኞች እንዳመጡት መርማሪዎች ገመቱ። እንግዲህ የጎደለው ዕውቀቱ አልነበረም፤ የጎደለው ዕውቀቱ በሽተኛው ካለበት ስፍራ መድረሱ ነበር።

የተሻለም ምሳሌ አለ። በ2003 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በካርቱም ተሰብስበው በዚህ በሽታ ላይ በኅብረት የሚመረምር ማኅበር አቋቋሙ። በገዳሪፍ፤ በጎንደር፤ በአርባ ምንጭ፤ በኬንያና በኡጋንዳ የተኙ በሽተኞች ፈቃዳቸውን ሰጥተው ሁለት መድኃኒቶች በአንድነት ተፈተኑ። 30 ቀን ይፈጅ የነበረው መርፌ ወደ 17 ቀን ወረደ። የምርመራው ውጤት በ2012 ዓ.ም. የወጣው ማንም ሰው ያለ ክፍያ በሚያነበው መጽሔት ላይ ነው። ስለዚህ በዶካ ያለ ሐኪምም ሆነ በአብደራፊ ያለ ነርስ፤ ከለንደን ሊቅ እኩል ሊያነበው ይችላል።

ሁሉም ጽሑፍ ግን እንዲህ አይደለም። ከድሀው ገበሬ ደም የተገኘው ዕውቀት ተመልሶ ለድሀው አገር በዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ለማቃለል የዓለም የጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በ2002 ዓ.ም. ሂናሪ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ፤ ነገር ግን የሚመዘገበው ተቋም እንጂ ግለሰብ ስላልሆነ በገጠር ጤና ጣቢያ ያለው ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከደጅ ይቀራል።

ዕውቀትን መክፈት ለመጠበቅም ይረዳል። በሱዳን በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርስቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሽር ማእከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ጽሑፍ ከቤቱ ጋር ይጠፋል፤ በብዙ አገር የተቀመጠ ግን አንዱ ቢቃጠል በሌላው ይገኛል።

ይሁን እንጂ ክፍት ማድረግ ገደብ የለውም ማለት አይደለም። የበሽተኛው ስምና ምስጢር የራሱ ነው፤ ሊገለጥ የሚገባው ቁጥሩና ውጤቱ ነው። ደግሞም ለአንባቢ በነጻ የሚሰጡ አንዳንድ መጽሔቶች ወጪውን ከጸሐፊው ስለሚጠይቁ፤ ከአንባቢው ጫንቃ የወረደው ሸክም በድሀው ተመራማሪ ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ በ2019 ዓ.ም. በመንግሥት ገንዘብ የተደረገ ምርምር ለሁሉ ክፍት እንዲሆን የሚያዝ ብሔራዊ መመሪያ አወጣች። መመሪያው መልካም ነው፤ ሆኖም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ በሩ ቢከፈትም ለሰሊጥ አጫጁ እንደ ተዘጋ ይቈያል። ይህን ሁለተኛ በር የሚከፍተው መምህር ነው። በክረምት ወደ ቆላ ከሚወርዱት ሠራተኞች መካከል ተማሪዎችም ይገኛሉና፤ ከመሄዳቸው በፊት «ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ለወባ ብቻ ሳይሆን ለካላ አዛርም ተመርመሩ፤ ለሐኪሙም ከወዴት እንደ መጣችሁ ንገሩት» የሚላቸው መምህር ቢኖር፤ ያ አንድ ቃል የአንድ ሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። መድኃኒቱን የደበቀም ከዚህ የከፋ በደል ይፈጽማል። የአሸዋ ዝንቧ ድንበር ስትሻገር ማንም ዋጋ አይጠይቃትም፤ ፈውሱም እንደ እርሷ ያለ ቀረጥ የሚሻገርበትን መንገድ ማቅናት የሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የመምህራንም ሥራ ነው።