እንቅልፍ የመሰለው ሞት
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)

 ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን! በምንኖርበት በዚህ በአሜሪካ ባለፉት ዓመታት ካጠብናቸው ጀናዛዎች መካከል «ልቡ በድንገት ቆመ» የተባለላቸው ወጣቶች ነበሩ። ገላቸው ላይ ምንም ቁስል የለም። ባለፈው ሳምንት መስጂድ ደጃፍ ኳስ ሲጫወቱ ያየናቸው ልጆች ናቸው። ቤተሰብ ምክንያቱን ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ነገር ግን ሁላችንም ሰግደን፣ ቀብረን፣ ተዕዚያ ተቀምጠን ዝም ብለን ተበተንን። የሟችን ነውር መሸፈን ተገቢ ነው፤ ዛሬም የማንንም ስም አናነሳም። የገደለውን ነገር ስም መሸፈን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አራት ወር ሳይሞላ የአንዱ ሟች ጓደኛ በዚያው መንገድ ሲሄድ ዝምታችን ማንን እንደጠቀመ ራሳችንን ጠየቅን።

ነገሩ ኦፒዮይድ የሚባለው የመድኃኒት ዘር ነው። ሞርፊን፣ ኦክሲኮዶን፣ አገር ቤት የምናውቀው ትራማዶል፣ ሄሮይንም ጭምር ከዚህ ዘር ናቸው። በካንሰር ወይም በቀዶ ሕክምና ሕመም የሚሰቃይ ሰው ሐኪም አዞለት ቢወስዳቸው የሚነቀፍበት ነገር የለም። ዛሬ በብዛት የሚገድለው ግን ፌንታኒል ነው። ከሞርፊን 100 እጥፍ ገደማ ይበረታል፤ 2 ሚሊግራም ብቻ፣ በእርሳስ ጫፍ ላይ የሚያርፍ ብናኝ ማለት ነው፣ ያልለመደውን ሰው ሊገድል ይችላል። ሻጮች ከሌላ ዱቄት ጋር ቀላቅለው፣ በማሽን ጨምቀው የፋርማሲ ክኒን ያስመስሉታል። ልጃችን «ፐርኮሴት» ብሎ በስልኩ ያዘዘው ሰማያዊ ክኒን ውስጥ ፐርኮሴት ጭራሽ ላይኖር ይችላል። የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ከመረመራቸው ፌንታኒል ያለባቸው ሐሰተኛ ክኒኖች መካከል ከ10ሩ 7ቱ ሊገድል የሚችል መጠን እንደያዙ አስታውቋል። በዚህ አገር ከመጠን ባለፈ ዕፅና መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 108 ሺህ ሰው ሞቷል፤ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ በኦፒዮይድ ነው። በ2024 ቁጥሩ ወደ 80 ሺህ ገደማ ወርዷል፤ አልሐምዱሊላህ፤ እሱም ቢሆን እጅግ ብዙ ነው።

አሁን እናቶች በተለይ አድምጡን። ኦፒዮይድ የሚገድለው እስትንፋስን በማዘግየት ነው። አንጎል «ተንፍስ» ማለቱን ይተዋል። ሰውየው አይጮኽም፣ አይወራጭም፤ የተኛ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ከጉሮሮው እንደ ማንኮራፋት ወይም እንደ መንቋቋት ያለ ድምፅ ይወጣል። አንዲት እናት ልጇ ሲያንኮራፋ ሰምታ «ሥራ ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችለት። ለፈጅር ልትቀሰቅሰው ስትሄድ ቀዝቅዞ አገኘችው። ይህችን እናት ማንም ሊወቅሳት አይገባም፤ የነገራት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ በሩን ክፈቱ፤ ስሙን ጠርታችሁ ነቅንቁት፤ ደረቱን መሃል በጡጫችሁ አጥንት ጠንክራችሁ እሹት። ካልነቃ፣ እስትንፋሱ ከራቀ ወይም ከቆመ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ከጠቆረ ወይም አመድ ከመሰለ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ወዲያው 911 ደውሉ። አድራሻችሁን አስቀድሙ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» በሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ፖሊስ ይመጣል ብላችሁ አትዘግዩ፤ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ለእርዳታ የደወለውንም የታመመውንም ዕፅ በመያዝ ከመከሰስ በተወሰነ ደረጃ የሚጠብቅ ሕግ አለ።

ከዚያ ናሎክሶን፣ በንግድ ስሙ ናርካን የሚባለውን የአፍንጫ ርጭት ስጡት። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ ራሱን ወደ ኋላ አዘንብላችሁ፣ ጫፉን አንድ አፍንጫው ውስጥ አስገብታችሁ መግፋት ነው። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ካልተነፈሰ ሁለተኛውን በሌላኛው አፍንጫ ስጡት፤ በመሃል የሚችል ሰው ካለ በአፍ ይተንፍስለት። መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ አስተኙት። ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት፣ ቡና ወይም ወተት ማጠጣት አይጠቅምም፤ ያንቀዋል። ቢነቃም ትታችሁት አትሂዱ፤ የናሎክሶን ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፣ መርዙ ግን ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

አንድ ወንድም በረመዳን ይህ ርጭት ጾም ያስፈታል ወይ ብሎ ጠየቀን። ነፍሱ ልትወጣ ያለች ሰው ስለ ጾሙ አይጠየቅም! ሌላው ደግሞ ራሱ ሐራም ዕፅ እንዳይሆን ሰጋ። አያሰክርም፣ ሱስ አያስይዝም፤ ኦፒዮይድ ላልወሰደ ሰው ቢሰጥም አይጎዳውም። ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ልጆችን ያደፋፍራል የሚሉም አሉ። የእባብ መድኃኒት በኪሱ የያዘ እረኛ እባብ ወዳጅ ነው አይባልም። አንዲትን ነፍስ ማዳን አላህ ዘንድ ምን ያህል እንደሚመዝን ሱረቱል ማኢዳን የቀራ ያውቀዋል።

ቤተሰቦች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ሱሰኛ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ካቆመ ሰውነቱ የለመደውን ይረሳል። ረመዳንን ሙሉ ታቅቦ ከዒድ በኋላ የተመለሰበት፣ ከእስር የወጣ፣ «ይታረም» ተብሎ አገር ቤት ተልኮ የመጣ ልጅ የድሮውን መጠን ቢወስድ ሊገድለው ይችላል። ተውበት አድርጓልና አበቃ ብለን ዓይናችንን የምናነሳበት ጊዜ ለእሱ ከሁሉ አደገኛው ነው። ዱዓችንን እናድርግ፤ ሐኪም ጋርም እንውሰደው። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶች የሞትን አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» ብለን ልጆችን ከሕክምና ያስወጣን ሰዎች አለን፤ እኛም ቀድሞ እንዲህ ብለን መክረናል፣ አላህ ይማረን።

ናርካን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ በፋርማሲ ይሸጣል፤ በብዙ ከተሞች የጤና ቢሮዎች በነፃ ይሰጡታል። ሁሉም የቤት ሰው በሚያውቀው ቦታ አስቀምጡት፤ የአገልግሎት ዘመኑን እዩ። ከአባትና ከእናት ቀዶ ሕክምና የተረፉ ክኒኖች ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ሰብስባችሁ ወደ ፋርማሲ መመለሻ ሣጥን ውሰዷቸው።