የላቦራቶሪ ምርመራ ምን ይለካል?
ለሞያሌ ከተማ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር



ሞያሌ ቆላ ናት። በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ስለምትገኝም መንገደኛው፥ ነጋዴውና ከብት አርቢው ዘወትር ይመላለስባታል። ትኩሳት የያዘው ሰው «ወባ ነው» ብሎ ሳይመረመር ክኒን ገዝቶ የሚውጥበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም፤ ስሙን ለይቶ የሚነግረው ምርመራ ነው።

ለወባ ምርመራ ከጣት ጫፍ የተወሰደ የደም ጠብታ በመስተዋት ላይ ተቀብቶና በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የወባን ተውሳክ በሰው ደም ውስጥ በመጀመሪያ ያየው ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. በአልጄሪያ ነበር። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኙት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት ዐይነቶች ናቸው፤ ሕክምናቸው በሙሉ አንድ ስላልሆነ መለየታቸው ግድ ነው።

በደሙ ውስጥ ተውሳኩ ካልተገኘ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ያልተፈላ የላም፥ የፍየል ወይም የግመል ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህ በሽታ እየተመላለሰ ስለሚያተኵስና መገጣጠሚያን ስለሚያሳምም ወባ ይመስላል፤ ለይቶ ለማወቅም የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ ግን ቀድሞ በነበረ ሕመም ወይም በክትባት ምክንያት ሊያሳስት ስለሚችል፥ አንድ ጊዜ በታየ ውጤት ብቻ መፍረድ አይገባም።

የሄሞግሎቢን ምርመራ የደምን ማነስ ይለካል። ነፍሰ ጡር ሴት በዴሲሊትር ከ11 ግራም በታች ከተገኘባት ደም አንሷታል ማለት ነው። የስኳር ምርመራ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ምግብ ሳይበላ ሲደረግ፥ በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ መኖሩን ያመለክታል። የአክታ ምርመራ ደግሞ ጀርመናዊው ኮኽ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. ያስታወቀውን የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ይፈልጋል።

የነቀርሳ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል። ታማሚው በዚህ መካከል ወሰን ተሻግሮ መድኀኒቱን ቢያቋርጥ፥ በሽታው መድኀኒት የማይበግረው ሆኖ ሊመለስና ወደ ቤተ ሰቡ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም መንገደኛ የምርመራ ውጤቱን ወረቀት እንደ ገንዘቡ ጠብቆ ይያዝ፤ በሚደርስበትም ሐኪም ቤት ያሳይ። ወሰን አገርን ይለያል እንጂ በሽታን አያግድምና።