የማሞቂያው ቢል ሲበዛ ቤተሰቡ ምን ያድርግ?

   

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከኪስም፣ ከጤናም፣ ከቤት ሰላምም ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ሚኒሶታ ጃንዋሪ ሲገባ ከሚደርሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ማሞቂያ ቢል ናቸው። «የተከራየነው አንድ መኝታ ቤት ያላት ጠባብ አፓርታማ ናት፤ ማሞቂያውን ከፍ አላደረግንም፤ ታዲያ ቢሉ ለምን ሦስት እጥፍ ሆነብን?» ይሉናል። አንዲት እህታችን ደግሞ ቢሉን ለባለቤቷ ሳታሳይ መሳቢያ ውስጥ እንዳስቀመጠችው ጽፋልናለች። ማሞቂያውን ዘግታ ልጆቿን የምታሞቀው የጋዝ ኦቨኑን ለኩሳ በሩን ከፍታ ነው። ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ይበልጥ ያነሳሳን የእርሷ ደብዳቤ ነው።

ስለዚህ ከገንዘቡ በፊት ከነፍስ እንጀምር። ኦቨን ምግብ ማብሰያ እንጂ ቤት ማሞቂያ አይደለም። የጋዝ ኦቨን፣ ከሰል፣ ወይም ሌላ ማናቸውም እሳት በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፤ ቀለም የለውም። ሰውየውን መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ጉንፋን መሰለኝ ብሎ ከተኛ ላይነቃ ይችላል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚገልጸው፣ ከቃጠሎ አደጋ ጋር ባልተያያዘ በዚህ ጋዝ መመረዝ በዚህ አገር በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች ይሞታሉ።

አገር ቤት የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ ሲገባ ቢያንስ በሩ ገርበብ ይደረጋል፤ ግድግዳውና ጣሪያውም ነፋስ ያስገባል። እዚያም ቢሆን ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የዚህ አገር አፓርታማ ደግሞ ነፋስ እንዳይገባው ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ቡና ሲፈላ የተረፈውን ፍም ቤቱን ያሙቅልን ብሎ ማስቀመጥ አይገባም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ከጮኸ፣ ወይም ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ራስ ምታት ከያዘው፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ውጭ መውጣትና 911 መደወል ነው። ኤሌክትሪክ ኦቨን ይህን ጋዝ ባያወጣም በሩን ከፍቶ መተው ሕፃን ያቃጥላል፤ እሳትም ያስነሳል።

አሁን ወደ ቢሉ እንመለስ። ቴርሞስታቱን ማንም ሳይነካው ቢሉ እንዴት ሦስት እጥፍ ይሆናል? ቤት ሙቀት የሚያጣው በውስጡና በውጭው ሙቀት መካከል ባለው ልዩነት መጠን ነው። ቤታችሁ 70 ፋራናይት ቢሆንና የኦክቶበር ቀን 50 ቢሆን ልዩነቱ 20 ነው። ጃንዋሪ ላይ ውጭው ዜሮ ሲደርስ ልዩነቱ 70 ይሆናል። ማሞቂያው ያን ያህል ሙቀት ለመተካት ሦስት ተኩል እጥፍ ይሠራል ማለት ነው። እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም። ይህን የምንለው ባልና ሚስት «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» ሲባባሉ ስለምንሰማ ነው።

በብዙ ቤት ምጣዱ ያለ ኃጢአቱ ሲወቀስ ሰምተናል። እስቲ እናስላ። 1500 ዋት የሆነ ምጣድ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሠራ በአራት ሳምንት የሚፈጀው 12 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከሱቅ የምንገዛው ትንሹ ተንቀሳቃሽ ሂተርም 1500 ዋት ነው። እርሱ ግን በቀን ለአሥር ሰዓት ቢበራ በወር 450 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 15 ሳንቲም ቢሆን፣ ምጣዱ 1 ዶላር ከ80፣ ሂተሩ ደግሞ 67 ዶላር ከ50 ማለት ነው። ሁለት ሂተር ያለው ቤት እጥፉን ያስብ። «ዋናውን ማሞቂያ ዘግቼ በትንሹ ሂተር እቆጥባለሁ» የሚል ሰው፣ በተለይ ዋናው ማሞቂያ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ጨምሮ ነው። ሂተር የግድ ከሆነም በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ እንጂ በኤክስቴንሽን ገመድ አይሁን። ከመጋረጃና ከአልጋ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ፤ ሲተኛም ይጥፋ።

ቢሉ እንደደረሰ መክፈያውን ቁጥር ብቻ አይቶ ከመደንገጥ ሙሉውን ማንበብ ይጠቅማል። የስንት ቀን ሂሳብ ነው? የ34 ቀን ቢልና የ28 ቀን ቢል እኩል አይሆንም። ቆጣሪው በእውን ተነቦ ነው ወይስ በግምት? በግምት ከሆነ ይጻፍበታል፤ ደውሎ ይነበብልኝ ማለት ይቻላል። ካለፈው ወር የዞረ ዕዳ ተደምሮበት ይሆን? በቢሉ ላይ ያለው የቆጣሪ ቁጥርስ የእናንተ ቤት ቆጣሪ ነው? በብዙ ቤት የተከፋፈለ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ የኮሪደሩ መብራት ወይም የጎረቤት ማሞቂያ በአንድ ተከራይ ቆጣሪ ላይ ሊገኝ ይችላል። የቤታችሁን ብሬከሮች በሙሉ አጥፍታችሁ ቆጣሪው አሁንም የሚቆጥር ከሆነ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። በሚኒሶታ ሕግ አንድ ቆጣሪ ከአንድ ተከራይ በላይ የሚያገለግል ከሆነ፣ በድርጅቱ ዘንድ የሂሳቡ ተጠያቂ አከራዩ ነው። ያለባችሁን መክፈል አማና እንደሆነ ሁሉ የሌላውን ሰው ዕዳ ባለማወቅ መሸከም ደግሞ ግዴታችሁ አይደለም።

ስለ ቁጠባው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ቴርሞስታቱን 85 ላይ ማድረስ ቤቱን ቶሎ አያሞቀውም፤ ማሞቂያው ሳይቆም እንዲነድ ብቻ ነው የሚያደርገው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ በዓመቱ የማሞቂያ ወጪ ላይ እስከ 10 በመቶ እንደሚያተርፍ ይገልጻል። ሌሊት ብርድ ልብስ ደርቦ መተኛት ነው። አራስና አረጋዊ ያለበት ቤት ግን ይህን በመጠኑ ያድርገው። ሶፋውን ከማሞቂያው ፊት ማንሳት፣ መስኮቱን በላስቲክ መሸፈን፣ የበሩን ሥር በጨርቅ መድፈን በጥቂት ዶላር የሚሠሩ ናቸው።

የሙቅ ውኃም ነገር አለ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለየሶላቱ ውዱእ ሲያደርግ፣ ውኃው እስኪሞቅ እየተባለ ቧንቧው ሲፈስ ይቆያል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውኃ፣ ማለትም ሁለት እጅ ታፍኖ በሚሞላ ያህል፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። በብርድ አገር ውኃ ማሞቅ ነውር የለበትም። ግን ሞቅ ያለውን በማንቆርቆሪያ ቀድቶ መጠቀም ከኢስራፍም ከቢሉም ያድናል። በጠሃራ ላይ ሆኖ ኹፍ ያጠለቀ ነዋሪም ለአንድ ቀንና ሌሊት በላዩ ላይ ማበስ እንደተፈቀደለት አንርሳ። ይህ ገር ሃይማኖት ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ዝምታው ነው። ቢሉን መደበቅ ዕዳውን አያጠፋውም። ባለቤቱ የማያውቀው ዕዳ በሁለተኛው ወር የዞረ ሂሳብ፣ በሦስተኛው የማቋረጫ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይመጣል። የሚኒሶታ የብርድ ወራት ደንብ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ማሞቂያ እንዳይቋረጥ ይከላከላል፤ ነገር ግን ዝም ላለ ሰው አይደለም። ደውሎ የክፍያ ስምምነት ላደረገና ስምምነቱን ለጠበቀ ሰው ነው። ገቢው ከክፍለ ሀገሩ መካከለኛ ገቢ ግማሽ ያልበለጠ ቤተሰብ ደግሞ በዚህ ደንብ ከወር ገቢው ከ10 በመቶ በላይ እንዲከፍል አይጠየቅም። ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የተስማማችሁበትን መጠንና ቀን ጻፉ፤ የማትችሉትን መጠን እሺ አትበሉ። ስምምነት ከገቡ በኋላ ማፍረስ ከለላውን ያሳጣል፤ ለሙስሊምም ቃል ዕዳ ነው።

ሰዎች ሲጨንቃቸው የሚሄዱባቸው ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱንም አንመክርም። አንደኛው ከደመወዝ በፊት በወለድ የሚያበድሩ ሱቆች ናቸው። ሪባ መሆኑ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ዕዳውንም በዕዳ ላይ ይቆልለዋል። ሁለተኛው የተቋረጠውን ሂሳብ በትንሽ ልጅ ስም እንደገና ማስከፈት ነው። ልጁ አድጎ ቤት ልከራይ ሲል ያልበላውን ዕዳ በስሙ ያገኘዋል። ይህ በገዛ ልጅ ላይ የሚፈጸም በደል ነው፤ ማታለልም ነው።

አከራዩም ድርሻ አለው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሚኒሶታ ሕግ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቤቱ ቢያንስ 68 ፋራናይት ሙቀት እንዲያገኝ አከራዩን ያስገድዳል። መስኮቱ አልገጥም ካለ፣ ማሞቂያው ካረጀ፣ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቅጂውን አስቀሩ። 14 ቀን ጠብቆ ካላደሰ ኪራዩን ለፍርድ ቤት እያስያዙ መክሰስ ይቻላል። «አላደሰልኝምና አልከፍልም» ብሎ ኪራይ በራስ ሥልጣን ማስቀረት ግን ከቤት ያስወጣል።

የእርዳታውን ነገር ብዙዎች ያፍሩበታል። በ1981 በሕግ የተቋቋመው የፌዴራል መንግሥት የማሞቂያ እርዳታ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነው፤ ተከራይም ማመልከት ይችላል። የት እንደሚመለከት ለማወቅ 211 መደወል ይበቃል። በመስጊዳችን የዘካ ኮሚቴ ካለም፣ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ዕዳ የከበደው መሆኑን ኮሚቴውም ባለዕዳውም ያውቃሉ። ጎረቤቱ ማሞቂያ ዘግቶ ኮት ለብሶ እንደሚውል ያየ ሰው ደግሞ እስኪጠየቅ አይጠብቅ። የፌዴራሉ ገንዘብ ኮንግረስ በየዓመቱ የሚመድበው ነው፤ የተመደበውም ያልቃል። ስለዚህ ያለፈውን ቢል፣ የገቢ ማስረጃና የኪራይ ውሉን በአንድ ፖስታ አድርጎ ኦክቶበር ላይ ማመልከት ነው። ለዘንድሮው የዘገየ ሰውም አሁኑኑ፣ ዛሬ ሰኞ ከሆነ ዛሬ፣ ይደውል።