ሽለላ በሳክስፎን

 

የኡካ የዛሬ ተመራቂዎች፣ ይህችን ክራር ይዤ የመጣሁት ላጫውታችሁ ብዬ ነው። ትናንት ማታ ከመቱ ስመጣ ዝናቡ አልለቀቀኝም። የኢሉባቦርን ዝናብ ለእናንተ አልነግራችሁም። ዛሬ ጠዋት ከከረጢቷ ሳወጣት ቆዳዋ ላልቶ፣ ድምፅዋም ወርዶ አገኘኋት። ያረፍኩበት ቤት እናት ቡና ሊያፈሉ ከሰል አቀጣጥለው ስለነበር አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ገበቴዋን ወደ ሙቀቱ አዞርኩ። በጣቴ መታ መታ እያደረግሁ ጠበቅሁ፤ ቆዳው ቀስ በቀስ ተወጠረ፣ ድምፁም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው ስድስቱን አውታሮች የቃኘሁት።

አሜሪካኖች ባንጆ የሚሉት መሣሪያም እንዲሁ ቆዳ የተወጠረበት ነው፤ ሥሩ ወደ አሜሪካ በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን ይዘውት የሄዱት እውቀት ነው። ቤላ ፍሌክ የተባለው ባንጆ ተጫዋች ብሉግራስ ከሚሉት የገጠር ሙዚቃ ወደ ጃዝና ወደ ክላሲካል ከተሻገረ በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የመሣሪያውን ሥር ፍለጋ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ጋምቢያና ማሊ ድረስ መጥቷል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ሥሩን ከእጁ ሳይለቅ ስለተሻገረ የእኛ ሰው ነው፤ ስለ ጌታቸው መኩሪያ።

ጌታቸው በ1935 ይፋት ተወለደ። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) መጀመሪያ የያዘው ክራርና መሰንቆ ነበር። አዲስ አበባ መጥቶ በ1949 የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ውስጥ ሲገባ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነው። ሳክስፎን ያዘ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገረ። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ዜማ ሲያጅብ ኖረ ብንል በቂ ሙያ ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር አሰበ፤ ሽለላን በሳክስፎን ልንፋው አለ።

እስቲ ይህን ነገር ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሽለላ ከሰው ጉሮሮ የሚወጣ ነገር ነው። ትንፋሹ ይረዝማል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ሐረጉ እየተመላለሰ ይጋላል፣ የከበሮ ምትም አያስረውም። እናንተ የኦሮሞን ፉከራ፣ ጌራርሳን፣ እየሰማችሁ ያደጋችሁ ልጆች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ አንድ አባት ተነስተው ጌራርሳ ሲሉ ቤቱ ጸጥ የሚለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሳክስፎን ደግሞ ቤልጅየማዊ የፈለሰፈው፣ ለወታደር ማርሽና ለዳንስ ቤት የለመድነው የነሐስ ዕቃ ነው። ጌታቸው ያንን ነሐስ አስፎከረው። በ1972 በወጣው የሳክስፎን አልበሙ ላይ አዳምጡት፤ ቃል የለም፣ ፉከራው ግን አለ። ውጭ አገር የሰሙት ከአሜሪካ ነፃ ጃዝ ተጫዋቾች ጋር ያነጻጽሩታል። እኔ ንጽጽሩ አይጥመኝም፤ የጌታቸው ምንጭ ሽለላው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሰማ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ የፓንክ ባንድ አለ፤ ጊታራቸው የሚጮህ፣ ከበሯቸው የሚያስደነግጥ። በ2004 ለ25ኛ ዓመት በዓላቸው ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዙት። ሰውዬው ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። ከበዓሉ በኋላ፣ ቀጣዩን አልበሜን ከእናንተ ጋር ነው የምሠራው አላቸው። «ሞአ አንበሳ» በ2006 ወጣ፣ ሌላም በ2012 ተከተለ። የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ እንደ አርበኛ ለብሶ፣ ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ፓንኮች መካከል ቆሞ ሲነፋ ያየው የአውሮፓ ወጣት ሽለላ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ጨፈረ። ጌታቸው በ2016 እስኪያርፍ ድረስ ሽለላው አብሮት ነበር።

ተመራቂዎች፣ ከእናንተ ውስጥ ሙዚቀኛ የሚሆነው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሒሳብ ይይዛል፣ ያስተምራል፣ እርሻ ላይ ይውላል። ቢሆንም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ እንግዳ ይሞላል፣ ጠጅ ይቀዳል። ከአያቶቻችሁ አንዱን ጌራርሳ ይበሉልን ብላችሁ አስነሱ። ስልካችሁን አውጡና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅዱት፤ የማይገባችሁ ቃል ካለ እዚያው ጠይቁና ጻፉት። ነገ ዛሬ አትበሉ፤ ዛሬ ማታ አድርጉት።