የማሳችን ካርታና መዝገብ

በጋፋት ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር



 

ጋፋት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ያሠሩበትን ቦታ ነው። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ብረት ሳይሆን ስለ ወረቀት ነው። ወረቀት ደካማ ነገር ነው፤ ውሃ ያበሰብሰዋል፤ አይጥ ይበላዋል፤ እሳት ያቃጥለዋል። ሆኖም ባሏ የሞተባት እናት በማሳዋ ላይ መቆየቷ፤ ወንድማማቾችም በአንድ ገበታ መቅረባቸው ወይም በፍርድ ቤት መካሰሳቸው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚህ ደካማ ነገር ነው።

አሁን ይህ የመሬት ወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ከየት እንደ መጣ፤ ካርታው እንዴት እንደሚሠራ፤ ከእናንተም የሚፈለገው ምን እንደ ሆነ በሦስት ክፍል አስረዳለሁ።

፩ኛ፤ መዝገቡ ከየት መጣ?

መሬትን በመጽሐፍ መመዝገብ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደር ነገሥታት ዘመን መሬት ሲሸጥ፤ በስጦታ ሲተላለፍ ወይም ክርክሩ ሲያልቅ፤ ነገሩ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። ከጽሑፉም ጋር የእማኞቹ ስም ይዘረዘራል። ይህን ልብ አድርጉልኝ፤ የጽሑፉ ጉልበት ብራናው ሳይሆን ነገሩን ያዩና የሰሙ ሰዎች ብዛት ነበረ።

በኋላ ዘመን ግን የመሬት ልክ ለባላገሩ የሚያስፈራ ነገር ሆነ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ባላገር ተነሥቶ ተቃወመ። ብዙው ሰው መሬት መለካትን ርስት ከመነጠቅ ጋር አንድ አድርጎ አይቶት ነበር። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን መሬት እንደ ገና ተደልድሎ ከአንዱ ተቀንሶ ለሌላው ተሰጠ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ሽማግሌ ለካኝ ሲመጣ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ይህን ሥጋት ለማስወገድ ታስቦ የአማራ ክልል በ1992 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 46 አወጣ። በስዊድን መንግሥት ርዳታ በጎዛምን ወረዳ በአዲስና ጉሊት፤ በደሴ ዙሪያም በገራዶ ሙከራ ተደረገ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ምዝገባው በክልሉ ሁሉ ተስፋፍቶ ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያዘ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ፤ የማሳዎቹ ብዛት፤ በግምት ወይም በገመድ የተወሰደ ስፋት፤ የአዋሳኞቹም ስም ሠፈረ። የሚስት ስም ከባል ስም ጎን መጻፉ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ያ ደብተር አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ካርታ አልነበረውም። «በምሥራቅ እገሌ፤ በምዕራብ መንገድ፤ በሰሜን ገደል» ብሎ ይጽፋል። እገሌ ሲሞት፤ መንገዱ ሲዞር፤ ገደሉም በጎርፍ ሲሰፋ ጽሑፉ ምን እንደሚያመለክት የሚያውቀው የጎረቤት ሽማግሌ ብቻ ይሆናል። ሽማግሌው ሲያልፍ ደግሞ ደብተሩ ዲዳ ይሆናል።

፪ኛ፤ ካርታው እንዴት ይሠራል?

ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ የተባለው ይህን ጉድለት ለመሙላት የመጣ ነው። በዚህ ሥራ የፊንላንድና የእንግሊዝ መንግሥታት ረድተዋል። በእንግሊዝ ርዳታ ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. የተካሄደው ፕሮግራም በአማራ፤ በኦሮሚያ፤ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ140 ወረዳዎች 14 ሚሊዮን ያህል ማሳ ለመመዝገብ ያቀደ ነበር። በፊንላንድ ርዳታ ደግሞ የገጠር መሬት መረጃ በኮምፒዩተር የሚያዝበት አገር አቀፍ ሥርዓት ተዘጋጀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ከአየር ወይም ከሳተላይት የተነሣ ፎቶግራፍ ተስተካክሎ በትልቅ ወረቀት ይታተማል። በፎቶግራፉ ላይ ካቡ፤ እርከኑ፤ መንገዱና ቤቱ ይታያል። ከዚያ መዝጋቢዎቹ ወረቀቱን ይዘው ወደ ማሳ ይወጣሉ። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ፊት ወሰኑን በእግራቸው እየሄዱ ያሳያሉ፤ መዝጋቢውም በፎቶግራፉ ላይ መስመር ያሰምራል። ባሕር ዛፍ ወይም ሌላ ጥላ ወሰኑን ከሸፈነው ፎቶግራፉ ሊያየው ስለማይችል በመሣሪያ ይለካል። ለማሳውም የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል።

መስመሩ ወደ ኮምፒዩተር ከገባ በኋላ ካርታውና የስም ዝርዝሩ ታትሞ በቀበሌው ውስጥ ለሕዝብ እይታ ይለጠፋል። ስሕተት ያገኘ ሰው ያስመዘግባል፤ ይታረምለታል። ከዚህ በኋላ ነው ካርታ ያለበት የምስክር ወረቀት የሚሰጠው።

እዚህ ላይ ብዙ ገበሬ የሚደነግጥበትን አንድ ነገር ልግለጽ። በአሮጌው ደብተር ላይ ያለው ስፋትና በአዲሱ ካርታ ላይ ያለው ስፋት ላይገጥም ይችላል። ይህ ሲሆን ወዲያው «መሬቴ ተቆረሰ» ማለት አይገባም። የፊተኛው የተገመተ ነበርና ትርፍም ጉድለትም ይኖረዋል። ከቁጥሩ በፊት መስመሩን ተመልከቱ። መስመሩ በካቡና በወሰን ድንጋዩ ላይ ካለፈ፤ ቁጥሩ ቢለወጥም መሬቱ ያው ነው። መስመሩ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ ዝም አትበሉ።

ኮምፒዩተር የተጻፈበትን ይመልሳል እንጂ እውነቱን ከሐሰቱ አይለይም። ለምሳሌ ያህል አንድ አባት ሦስት ማሳ ነበራቸው እንበል። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ሚስታቸው በሬ ስለሌላቸው የድንች ማሳውን ለጎረቤት በእኩል ሰጡ። ጎረቤቱ ስምንት ዓመት አረሰ። መዝጋቢዎቹ በመጡ ቀን እናቲቱ ታመው ቤት ቀሩ፤ በማሳው ላይ የተገኘው ያ ጎረቤት ብቻ ነው። «ይህን የሚያርሰው ማነው?» ሲባል «እኔ ነኝ» አለ፤ ቃሉም ሐሰት አልነበረም። ስሙ ግን በባለይዞታ ቦታ ተጻፈ። ካርታው በተለጠፈ ጊዜ እናቲቱ ወይም ልጃቸው አይተውት ቢሆን ስሕተቱ በአንድ ቀን ይታረም ነበር። ሳያዩት ካለፈ ግን ከዓመታት በኋላ ምስክር ሲፈልጉ፤ ወደ ወረዳ ሲመላለሱ፤ ዶሮና እንቁላላቸውን ለመንገድ ሲጨርሱ ይኖራሉ። የታተመ ስሕተት ደግሞ ከአፍ ስሕተት ይልቅ ይከብዳል፤ ሰው ሁሉ ካርታውን ያምናልና።

፫ኛ፤ መዝገብን የሚጠብቀው ማነው?

መዝገብን ከስሕተትና ከተንኮል የሚጠብቀው የሕዝብ ዐይን ነው። በጎንደር ዘመን የእማኞች ስም ይዘረዘር የነበረው ለዚህ ነው። ዛሬም መሣሪያው ይለወጥ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። ከሣጥን ወጥቶ በኮምፒዩተር ውስጥ የተቆለፈ መዝገብ ሣጥን ለወጠ እንጂ ለሕዝብ አልተከፈተም።

ስዊድኖች የመሬት ካርታ ማንሣት በመንግሥት ደረጃ የጀመሩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1628 ነው። እነዚያን ያረጁ ካርታዎች ዛሬ ፎቶግራፍ አንሥተው ማንም ሰው በኢንተርኔት እንዲያያቸው አድርገዋል። ወደ አፍሪካ ስንመለስ ሩዋንዳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳ መዝግባለች። ነገር ግን ከምዝገባው በኋላ ሰዎች ሲወራረሱና ሲሸጡ ለውጡን ሳያስመዘግቡ መቅረታቸው መዝገቡን ከእውነተኛው ኑሮ እያራቀው አስቸግሯል። ትምህርቱ ይህ ነው፤ መዝገብ እንደ እርከን በየዓመቱ ካልተጠገነ ይናዳል።

በእኔ አስተያየት ለእኛ የሚበጀው እንዲህ ነው። የማሳዎቹ ካርታና ቁጥር በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከመኸር በኋላም በየዓመቱ ይታደስ። ማንም ባለይዞታ የማሳውን ቁጥር ተናግሮ ስለ ራሱ ይዞታ የተጻፈውን አንብቡልኝ ማለት ይቻለው። አዋሳኝም የጋራ ወሰኑን ማየት ይገባዋል። የሰው ፎቶግራፍ፤ የቤተ ሰብ ጉዳይና የብድር ምስጢር ግን ለሁሉ የሚገለጥ አይደለም። ወሰን የአደባባይ ነገር ነው፤ ጓዳ የባለቤቱ ነው።

የመዝገቡም ቅጂ በአንድ ቦታ ብቻ ሊቀመጥ አይገባውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዞናችን ገብቶ እስከ ነፋስ መውጫ መድረሱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ያለ መዝገብ፤ ወረቀትም ይሁን ኮምፒዩተር፤ ዋስትና የለውም። አገር አቀፉ ሥርዓት የወረዳው መረጃ ወደ ክልልና ወደ ፌዴራል እንዲተላለፍ የታሰበው ስለዚህ ጭምር ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝን ልመልስ።

«ካርታው ግብር ሊጨምርብን ነው ወይ?» ትላላችሁ። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ በይዞታ ስፋት የሚታሰብ ስለ ሆነ ካርታው ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ያልተጻፈ መሬት ከግብሩ ይልቅ በክርክር ብዙ ያስወጣል።

«ካርታ ከያዝን መሬቱን መሸጥ እንችላለን ወይ?» አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፤ አይለወጥም። የእናንተ የሆነው የመጠቀም፤ የማከራየት፤ የማውረስና ያለ ሕግ ያለመነቀል መብት ነው። በክልላችን አዋጅ ቁጥር 252/2009 ደግሞ ይህ የመጠቀም መብት ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል። አበዳሪው ግን መዝገቡን ሳያይ ገንዘብ አይሰጥም፤ በመዝገቡ ላይ የሟች ስም ካገኘ ይመልሳችኋል።

ከእናንተ የሚፈለገው

1. የምስክር ወረቀታችሁን ከጢስና ከውሃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የማሳችሁን ቁጥር ደግሞ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ በሌላ ቦታ አኑሩ።

2. ምዝገባ ያልደረሳችሁ እንደ ሆነ፤ ለካኝ ከመምጣቱ በፊት ከአዋሳኞቻችሁ ጋር ወሰኑን ዞራችሁ ተስማሙ። የጠፋውን የወሰን ድንጋይ በሽማግሌ ፊት መልሱ።

3. በመለኪያው ቀን ባልም ሚስትም ተገኙ። መገኘት የማይችል ሰው የሚያምነውን ወኪል ይላክ። ባሏ የሞተባትን እናት፤ ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና በሥራ ምክንያት የራቀውን ጎረቤት ቀድማችሁ ንገሯቸው።

4. ካርታው ሲለጠፍ ሂዱና እዩ። ማንበብ የማይችል ሰው ተማሪ ልጁን ይዞ ይሂድ። ስማችሁን፤ የሚስታችሁን ስም፤ የማሳውን ብዛትና መስመሩን ተመልከቱ።

5. ማሳ በእኩል ወይም በኪራይ ስትሰጡ ውሉን በጽሑፍ አድርጋችሁ አስመዝግቡ። አራሹ ማን፤ ባለይዞታው ማን እንደ ሆነ ይለይ።

6. ሞት፤ ጋብቻ፤ ፍች ወይም ስጦታ በመጣ ጊዜ ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ላቀረባችሁትም ማመልከቻ ቀንና ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ጠይቁ። ደረሰኝ መጠየቅ ሰውን አለማመን አይደለም።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አራተኛውን ያዙ፤ የተለጠፈውን እዩ። ለራሳችሁ አይታችሁ ስትጨርሱ የማያይላትን የጎረቤታችሁን እናት መስመር ደግሞ እዩላት። አባቶቻችን በመጽሐፍ ቅጠል ላይ ስማቸውን ያስጻፉት ለራሳቸው መሬት ብቻ አልነበረም፤ ለሰው መሬት እማኝ ሆነው ነው።

 እግዚአብሔር ዝናሙን በልኩ፤ አዝመራውን በረከት ያድርግላችሁ።