ቤትን በገዛ እጅ ስለ ማደስ
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ክረምት አልፎ መስከረም በጠባ ቍጥር በየመንደሩ አንድ ዐይነት ነገር ይታያል። ባለቤቱ ደጅ ወጥቶ ግድግዳውን ይመለከታል፤ ምርጊቱ ተሰንጥቋል፤ ጠፈጠፍ የመታው ጭቃ ታጥቦ ወርዷል፤ የበሩ መቃን ዘምሟል፤ ጣራውም አፍስሷል። የትምህርት ቤቱም ግድግዳ ከዚህ አይድንም። በዚህ ጊዜ አንዱ «ገንዘብ ሳገኝ ባለሙያ አመጣለሁ» ብሎ ይተወዋል፤ እስከሚቀጥለው ክረምትም ስንጥቁ ቀዳዳ ይሆንበታል። ሁለተኛው ግን «ይህ ምን ያስቸግራል» ብሎ የማያውቀውን ሥራ ይጀምርና ከነበረው አብልጦ ያበላሸዋል። የፊተኛው ስንፍና ነው፤ የኋለኛው ድፍረት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ የትኛው ሥራ ለማንኛውም ሰው እንደሚቀል፤ የትኛው እንደሚከብድ፤ የትኛውም ለባለሙያ መተው እንደሚገባው ለይቶ ማወቅ ነው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ነው።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ላሳስብ። መጽሐፈ ነህምያን ያነበበ ሰው የኢየሩሳሌም ቅጥር በታደሰ ጊዜ ከሠሪዎቹ መካከል ወርቅ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች እንደ ነበሩበት ያውቃል። እነዚህ ሰዎች ግንበኞች አልነበሩም፤ ነገር ግን ቅጥሩን አደሱ፤ ከሠሪዎቹም ብዙዎች እያንዳንዳቸው በቤታቸው አንጻር ያለውን ሠሩ። እንግዲህ የእጅ ሥራ ክብርን የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ ስማቸው በመጽሐፍ ባልተጻፈ ነበር። በአገራችንም ሠራተኛን መናቅ የቈየ በሽታ ስለ ነበረ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሰውን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ስለዚህ መምህሩ እጅጌውን ሰብስቦ ጭቃ ቢረግጥ ተማሪው ከዚያ የሚያየው ውርደትን አይደለም፤ ትምህርትን ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ቀላሉም ደስ የሚያሰኘውም ጭቃ መምረግ ነው። ቢበላሽ ተፍቆ እንደ ገና ይሠራል፤ ዋጋውም ጕልበት ብቻ ነው። ዳሩ ግን ሕግ አለው። አፈሩ ተቈፍሮ ድንጋዩና ሥሩ ይለቀማል፤ ከጤፍ ጭድ ጋር በውኃ ይቦካል፤ ይረገጣል፤ ከዚያም ውኃ እየተጨመረበትና እየተገለበጠ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቈያል። ጭዱ በጭቃው ውስጥ እየበሰበሰ ሲሄድ ጭቃውን ያጣብቀዋል፤ የቀረውም ጭድ እንደ ጅማት ሆኖ ይይዘዋል። ችኵል ሰው በቦካበት ቀን መርጎ በማግስቱ ስንጥቁን ይቈጥራል።

አፈሩ ደኅና መሆኑን ለማወቅ ከእርጥቡ አፈር እንደ ብርቱካን የሚያህል አድቦልቡሎ በጥላ ማድረቅ ነው። ደርቆ ቢሰነጠቅ አፈሩ መረሬ ስለ በዛበት ጭድ ወይም አሸዋ ይጨመርበታል፤ በእጅ ሲያሹት ቢፈረፈር ግን አሸዋው ስለ በዛ ሌላ አፈር ይፈለጋል። ይህንን ልጆች በትምህርት ቤት ቢያደርጉት ከሰሌዳ ላይ ጽሑፍ ይልቅ አይረሱትም። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ከደረቀና ከተሰነጣጠቀ በኋላ ግድግዳውን በውኃ ረጨት አድርጎ ሁለተኛውን ስስ አድርጎ መለሰን ይገባል። ወለልን በእበት መለቅለቅን ግን እናቶቻችንና እኅቶቻችን ከእኛ ይልቅ ስለሚያውቁት እኔ ላስተምር አልነሣም፤ ከእነርሱ ጠይቁ።

ኖራ መቀባትም ቀላል ነው፤ ቤቱን ያበራል፤ ሲጨርሱትም ልብን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በዚህ ሥራ ውስጥ የተሸሸገ አደጋ አለ። ያልጠፋ ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ ይረጫል፤ ዐይንንም ያቃጥላል። ስለዚህ በኖራው ላይ ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ ኖራውን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ወደ ውኃው ማግባት ነው እንጂ። ልጆች ከዚህ ይራቁ። በዐይን ቢገባ ሳይዘገዩ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ከበረደና ከተጣራ በኋላ እንደ ወተት አቅጥኖ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ መቀባት አንድ ጊዜ በወፍራሙ ከመቀባት ይሻላል፤ ወፍራሙ ተቀርፎ ይወድቃልና።

ሦስተኛው ሥራ ማንም የማይወደው ነው፤ እርሱም ቦይ መቈፈር ነው። ሲጨርሱት ወገብ ይታመማል፤ የሚያመሰግንም የለም፤ እንግዳ ቢመጣ ግድግዳውን ያደንቃል እንጂ ቦዩን አያይም። ዳሩ ግን ብዙ የጭቃ ቤት የሚፈርሰው ከእግሩ ነው። ውኃ በግድግዳው ሥር ከተኛ ላዩን አሳምረን ብንለስነው ምን ይረባል? እንጨቱም ሥሩ በረጠበ ጊዜ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይከተለዋል። ምስጥ በግድግዳው ላይ ከአፈር በተሠራ ቀጭን መንገድ ስለሚወጣ ያንን መንገድ በየጊዜው ፈልጎ መጥረግና ጐጆውን መከታተል ይገባል። ለቋሚም ጥድና ወይራ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ምስጥን ይቋቋማሉ። እንግዲህ ጕልበት ያለው ሁሉ ይህን መራራ ሥራ ከጣፋጩ ያስቀድም።

በር መግጠም ደግሞ ቀላል መስሎ የሚያታልል ነው። ሳንቃውን በምስማር ማያያዝ ለማንም አያቅትም፤ መቃኑን ቀጥ አድርጎ ማቆም ግን ብርቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። መቃኑ ጣት የምታህል ቢዘም በሩ ራሱ ይከፈታል ወይም ደፉን ይፍቃል። ዐይን ይሳሳታል፤ ቱምቢ ግን አይሳሳትም። ቱምቢ የሌለው ሰው በገመድ ጫፍ ድንጋይ አስሮ ቢያንጠለጥል ያው ቱምቢ ነው።

አሁን ወደ ጣራ እንውጣ። ሣር መክደን የታወቀ ሙያ ነው፤ ሲያዩት ቢቀልም አስተሳሰሩና አቀማመጡ ከልጅነት ጀምሮ ካልተለመደ ውኃ ያሳልፋል። ቈርቈሮ ግን ብዙ ሰው «መዶሻና ምስማር ብቻ ነው» ይለዋል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ከዓመታት በፊት የቤቴን ሦስት ቈርቈሮ ራሴ ለወጥሁ። ምስማሩን በጐድጓዳው ብመታው ከእንጨቱ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል ብዬ አሰብሁና እንዲሁ አደረግሁ። ሥራዬንም ከታች ሆኜ አይቼ ተመጻደቅሁ። በሰኔ ዝናሙ በጀመረ ሌሊት በየምስማሩ ውኃ ገባ፤ ከሥሩም የመጻሕፍት ሣጥኔ ነበረ። አባቴ የተወልኝ ዳዊት ብራናው ተጨማደደ፤ ቀዩም ቀለም ተሰራጨ። ሊጠግን የመጣው ጎረቤቴ ባለሙያ ምንም አልዘለፈኝም፤ ነገር ግን «ውኃ መንገዱ በጐድጓዳው ነው፤ እርስዎ በመንገዱ ላይ በር ከፈቱለት» አለኝ። ምስማር ከነመሸፈኛው በጕብታው ላይ መመታት እንዳለበት፤ የላይኛውም ቈርቈሮ በታችኛው ላይ አንድ ስንዝር ያህል መደረብ እንዳለበት ከዚያ ቀን ወዲህ አልረሳሁም። የዳዊቱን ገጽ ግን የሚመልስልኝ የለም።

ሲሚንቶም እንደዚሁ የማያውቀውን ያታልላል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ ከውኃ ጋር በመዋሐድ ነው እንጂ። ስለዚህ ከተሠራ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ እየጠጣ ካልቈየ ይፈረካከሳል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ቢለስኑትም ጭቃው ሲረጥብና ሲደርቅ ስለሚነፋና ስለሚሸሽ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም፤ ተለይቶ ይወድቃል። ለጭቃ ግድግዳ ወዳጁ ጭቃ ነው።

በመጨረሻም ለባለሙያ የሚተው ሥራ አለ። ጣራ የተሸከመን ምሰሶ መለወጥ፤ ጥልቅ ጕድጓድ መቈፈር፤ የኤሌክትሪክ መሥመር መዘርጋት፤ እነዚህ ስሕተታቸው በገንዘብ አይከፈልም፤ በነፍስ ነው እንጂ። በእነዚህ ባለሙያን መጥራት ስንፍና አይባልም።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፤ ከመስቀል በኋላ የወላጆችን ደቦ ጥሩ። አስቀድማችሁ ቦዩን፤ ቀጥሎ ምርጊቱን፤ በመጨረሻም ኖራውን አድርጉ። ልጆች አፈር ያምጡ፤ ጭቃ ይርገጡ፤ በቱምቢ ይለኩ፤ ጣራ ላይ ግን አይውጡ። ሽማግሎችም የምታውቁትን ከዳር ሆናችሁ አትሰውሩ። «ሥራ ለሠሪው፤ እሾህ ለአጣሪው» ይባላል፤ ሠሪ መሆን ግን ከትንሹ ሥራ ይጀመራል። ልጁ በእጁ የመረገውን ግድግዳ በድንጋይ ሲቧጭር አይገኝም፤ ሌላው ሊቧጭር ቢመጣም ይከለክለዋል።